ስለ አውጫጭኝ አዛውንቶችን መጠየቅ፦ ከአራዳ ሰፈሮች የተገኘ ተሞክሮ

በአራት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ የሚኖሩ፣ ተወልደው ያደጉት ግን በመንዝ፣ በቡልጋ፣ በጎጃምና በወሎ ገጠሮች የሆኑ አዛውንቶች የቀድሞውን የመንደር ፍርድ እንዴት እንደሚያስታውሱት ስጠይቅና ስቀዳ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን የምጽፈው አያቱን ወይም የጎረቤቱን አዛውንት ስለዚሁ ጉዳይ ሊጠይቅ ለሚያስብ ሰው ነው። ስለ ሠርግ ወይም ስለ ደቦ የተጠየቀ ሽማግሌ ደስ እያለው ያወራል፤ ስለ አውጫጭኝ፣ መድኃኒት በጠጣ ልጅ ሌባ ይፈለግበት ስለነበረው ሌባ ሻይና ስለ ቡዳ የተጠየቀ ሽማግሌ ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት በነገሩ ማን እንደሚጎዳ ያስባል፤ በዚያ ዘመን ስማቸው የተነሣባቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ዕድር ውስጥ አብረውት አሉና። «እሱንስ ሆድ ይፍጀው» የሚል መልስ ደጋግሞ ያጋጥማል፤ መልሱም የእምቢታ ሳይሆን የጥንቃቄ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ በአንድ አካባቢ ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ወይም ክምር ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተጠርቶ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ተከልክሎ የሚመረመርበት ሥርዓት ነበር። የመንደሩ ሹም የሆነው ጭቃ ሹም ያስጠራል፤ ከተሰበሰበው መካከል የታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ያየውንና የሰማውን እንደማይደብቅ ይምላል። የቀረ ሰው ይቀጣል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ደግሞ የተበዳዩን ኪሣራ አገሬው ተዋጥቶ ይከፍላል። በመኸር ወይም በእርሻ ወቅት የተጠራ አውጫጭኝ ምን ያህል እንደሚያስመርር የነገሩኝ አባቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት ያሳያሉ፤ በሬው ሳይጠመድ፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ ቀኑ ይነጉዳልና።

በሕግ መጻሕፍት ላይ የማይገኘው ነገር የሚገኘው ከአፍ ነው። በአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ፣ ከዛፉ ሥር ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው ያገኘኋቸው አንድ የመንዝ አባት በቃል መግለጹ አልበቃቸው ብሎ አሠራሩን በተግባር አሳዩኝ። በአደባባይ ጎረቤቱን ለመጠቆም የሚፈራ ሰው የሰማውን የሚናገረው በራሱ ስም አይደለም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ ሽማግሌዎቹም ወፏ ማን እንደሆነች አይጠይቁም። እኒህ አባት ከተቀመጡበት ተነሥተው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ሸፈኑና፣ አንገታቸውን ወደ ግራ አዘንብለው፣ ሹክ የሚለውን ሰውም፣ ጆሮውን ሰጥቶ የሚቀበለውን ሽማግሌም ሁለቱንም እየሆኑ ሹክሹክታውን ተጫወቱት። አጠገባችን የነበሩ ሌላ ምእመን ሣቁ፤ እርሳቸው ግን አልሣቁም። ጋቢውን ሲያወርዱ «ስሙ የወጣው ሰው የሚቆመው እዚያ ጋ ነበር፤ ማን እንደ ጠቆመው እስኪሞት አያውቅም» ብለው በእጃቸው አንድ ቦታ አመለከቱ። የጠቆሙት ባዶ ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ እኔ ግን ሳላስበው ዞሬ አየሁ።

የሁሉንም ሰው ቃል ደጋግሜ ሳዳምጥ ቀስ በቀስ የታየኝ፣ ለሌላ ሰውም ዋና ፍሬ ነገር ይሆናል ብዬ የማምነው አንድ ጉዳይ አለ። በገጠር ያለ ሰው መጤን የሚፈራው በጠባዩ ክፉ ወይም ኋላ ቀር ስለሆነ ነው የሚል አስተሳሰብ በከተማችን የተለመደ ነው። አዛውንቶቹን በጥሞና ለሚሰማ ግን ፍርሃቱ ከፍርዱ አሠራር ጋር የተገመደ ነው። ወንጀለኛው ካልታወቀ ዕዳው የሁሉም በሆነበት መንደር፣ ማን እንደገባና እንደወጣ፣ ማን በማን ቤት እንዳደረ፣ የማን በሬ በማን ማሳ እንዳለፈ ማወቅ የነገረኛነት ጉዳይ ሳይሆን የኪስ ጉዳይ ነው። የማይታወቅ ሰው በሰፈሩ ማለፉ ለእያንዳንዱ ቤት ሊከፈል የሚችል ዕዳ ነው። ከዚህም የሚብሰው ሌላኛው ጎን ነው፦ ቀኑ እየነጎደ፣ ሰው እየተራበ፣ ሁሉም ነገሩ እንዲያልቅ በሚፈልግበት ሰዓት ስም የሚወጣበት ሰው ወንድምና አጎት የሌለው፣ ርስት የሌለው፣ ነገ ደም የሚመልስለት ወገን የሌለው ሰው ሆኖ ይገኛል። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች እውነተኛ ሌባ በአውጫጭኝ ሲያዝ አይተዋል፤ ይህንን መካድ ተገቢ አይደለም። ግን «የተሳሳተ ሰው ተጠቁሞ ያውቃል?» ተብለው ሲጠየቁ የሚያነሡት ሰው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከሌላ አገር የመጣ ጭሰኛ፣ እንደ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ያለ ባለ እጅ ወይም የሰው ቤት አዳሪ እረኛ ነው።

መንግሥትም ቢሆን ይህን ሥርዓት ለረጅም ጊዜ አልጠላውም ነበር፤ ፖሊስ በማይደርስበት አገር ርካሽ የምርመራ መንገድ ነውና። ሆኖም የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቅጣት በጥፋተኛው ላይ ብቻ የሚወርድ መሆኑን ሲደነግግ፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ምርመራን ለፖሊስ ሲሰጥ የአገሬው የጋራ ዕዳ በወረቀት ላይ ቦታ አጣ። በተግባር የቆመው ግን በአንድ ቀን አልነበረም፤ ካነጋገርኳቸው መካከል ከእነዚህ ሕጎች በኋላም ሜዳ ላይ እንደተቀመጡ የሚምሉ አሉ።

አሁን ወደ አጠያየቁ ልምጣ። አዛውንቱ ለእናንተ ጥያቄ ከመመለሳቸው በፊት ራሳቸው ይጠይቋችኋል፤ «አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ? አገርሽ ወዴት ነው? አባትሽ በሕይወት አለ?»። ይህን እንደ መግቢያ ጨዋታ ቆጥሮ በአጭሩ ለማለፍ መሞከር ብዙ ያሳጣል። የምትጠየቁት በመንደሩ መግቢያ የቆመ እንግዳ ይጠየቅ የነበረውን ነውና፣ በትዕግሥት፣ እስከ አያት ድረስ፣ በሚያውቁት ሰው በኩል መንገድ እየፈለጋችሁ መልሱ። የምታውቁት የጋራ ሰው ካለ ስሙን ጥሩ፤ የዕድሩ ጸሐፊ ወይም የንስሐ አባታቸው አብሯችሁ ቢመጣ ደግሞ ከምንም የመታወቂያ ወረቀት ይበልጣል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መግባት፣ በተለይም ቅጽ የሚመስል ነገር፣ ነገር ያበላሻል፤ በእነርሱ የልጅነት ዘመን ወረቀት ይዞ የሚመጣ እንግዳ ግብር ወሳኝ ወይም መሬት የሚለካ ቃላድ ጣይ ነበር። ስልኩንም ቢሆን ቡናው አንደኛው ሳይወርድ አታውጡ፤ ስታወጡም ምን እንደሚቀዳና ማን እንደሚሰማው ንገሯቸውና ራሳቸው «እሺ ይናገር» እስኪሉ ጠብቁ።

ከሰው አትጀምሩ፤ ከአሠራሩ ጀምሩ። ማን ይጠራ ነበር? ሜዳው የት ነበር? ስንቅ ማን ያመጣ ነበር? ዝናብ ቢመጣስ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንንም አያስፈራም፤ መልሱም የተሟላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የከፈተልኝ ጥያቄ «በመንደራችሁ ርስት ያልነበረው ማን ነበር?» የሚለው ነው። ቡዳ ማን ነበር ወይም ሌባ ማን ይባል ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው በሩ ይዘጋበታል፤ ርስት የሌለውን የጠየቀ ሰው ግን የሸክላ ሠሪዋን፣ የቀጥቃጩን፣ ከረኀብ የሸሸውን፣ በጋብቻ የገባውን ሰው ታሪክ አንድ በአንድ ይሰማል፤ ከዚያም ውስጥ የተጠረጠረው ሳይጠየቅ ይወጣል። ባልና ሚስት ካሉ ለየብቻቸው መጠየቅ ይሻላል። እንደነገሩኝ ሜዳው ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶቹ ስለነበሩ የሚያውቁት የሜዳውን ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ስሙ የወጣበት ሰው ሚስት ከማን ጋር ውኃ ትቀዳ እንደነበርና ማን እሳት መዋዋስ እንዳቆመባት ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ ፍርሃት ካለ በኋላ የእንግዳ ተቀባይነታችንስ ነገር ተረት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ለወጣቶች ቶሎ ይመጣል። ተረት አይደለም። መሽቶበት «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ደጅ ላይ የቆመ ሰው «ቤት የእግዜር» ተብሎ ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል። ነገር ግን አንዲት የቡልጋ እናት እንዳስረዱኝ ያን ሌሊት እንግዳውን ያሳደረው ሰው ስለ እርሱ ይጠየቃል፤ በነጋታው አንድ ነገር ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠራው እንግዳው ሳይሆን አሳዳሪው ነው። የተከበረው እንግዳና የተፈራው መጤ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ዋስ ያለው መሆኑና አለመሆኑ ብቻ ነው። በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ከከተማ ወደ ገጠር የሄዱ ተማሪዎችን የሚያስታውሱ አዛውንቶችም ይህንኑ ይናገራሉ፤ አንዱን ቡድን ልጆቻችን ብለው ተቀበሉት፣ ሌላውን ውኃ እንኳ ነፈጉት፤ ልዩነቱ ማን ይዟቸው እንደመጣ ነበር።

ስለ ሌባ ሻይ ስትሰሙ አንድ ነገር ለዩ፤ «አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ከአባቶቻቸው የሰሙ ናቸው። ልጅ እግር የሆነ ሰው በወተት የተቀላቀለ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተያዘ ራሱን ስቶ በመንደሩ ይንከራተታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ቡዳም በዚሁ መስመር ይታያል። ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ጭስ እየታጠነ «ማነህ? የት አገኘኸው?» እየተባለ እንዲለፈልፍ ይደረጋል፤ ሲለፈልፍም የሰው ስም ይጠራል። ወፏ፣ መድኃኒት የጠጣው ልጅና የሚለፈልፈው በሽተኛ ሦስቱም የሚያወጡት ስም ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ግን አይታወቅም ወይም ራሱን አያውቅም፤ ስለዚህም ሊከሰስ፣ ሊጠየቅ፣ ቂም ሊያዝበት አይችልም። ትንሽ መንደር ውስጥ ነገ አብሮ ለማረስ የተገደደ ሰው ይህን ለምን እንደሚፈልግ ይገባኛል። የሚከፍለው ማን እንደሆነ ስለማውቅ ግን አላደንቀውም።

ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው ቀጨኔ ጀበናና ምጣድ የሚሠሩ እናቶችን ያነጋገረ ሰው የክፍያው መጠን ይገባዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጁ ግን ከሰው አንደበት ላይ ያለውን አላነሣውም። አንዲት እናት የጀበና አንገት በአውራ ጣታቸውና በእርጥብ ጨርቅ እያለሰለሱ ሳሉ፣ ዓይናቸውን ከሥራው ሳያነሡ፣ ገበያ ላይ ጀበናቸውን የሚገዛ ሰው ቡዳ እንዳይበላው ብሎ ልጁን በነጠላ እንደሚሸፍንባቸው ነገሩኝ። ስለ ራሳቸው ማዘን አላሳዩኝም፤ ይልቅ «ሸፍኖም ቢሆን ይገዛል» አሉና ጀበናውን አዙረው ጆሮውን መለጠፍ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ሰው ጋ ስትሄዱ ስለ ቡዳ አትጠይቁ። ስለ ጭቃው፣ ስለ ማገዶው፣ ስለ ዋጋው ጠይቁ፤ ሌላውን እርሳቸው ካላነሡት አይነሣ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር ነው የሚል ሰው በግቢያችን የሆነውን ይስማ። ከአምስት ኪሎ ዝቅ ብሎ ባለ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ የአንዲት ጎረቤታችን የዕቁብ ገንዘብ ጠፋ። ገና ከገጠር የመጣች፣ ተያዥ ያልነበራት የቤት ሠራተኛ ነበረችና የሁሉም ዓይን ወደ እርሷ ዞረ፤ አንዱ ሻንጣዋ ይፈተሽ አለ፣ ሌላዋ አዋቂ ጋ ወስደን እናስጠይቅ አለች። እዚያው የነበሩት ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው የቡልጋ እናት ከበርጩማቸው ሳይነሡ ተናገሩ፦ «እኛ አገር ቢሆን ሁሉም ነው የሚቀመጠው። አንቺም፣ ባልሽም፣ እኔም። ወይ ሁላችንም እንፈተሽ፣ ወይ ማንም አይፈተሽ»። ማንም የራሱን ቤት ለማስፈተሽ አልፈለገም። ጎረቤታችን ለፖሊስ አመለከተች፤ ማስረጃ አልተገኘም፤ ገንዘቡም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ልጅቷ በዚያው ቤት ቀጠለች፤ ተያዥ ሆነው የፈረሙላት እኒያው እናት ናቸው። በሌላ ቀን ለብቻችን ስንሆን አውጫጭኝ ጥሩ ነበር ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አጎቴ ባልሠራው ሌብነት ወይፈን ሰጥቷል፤ ምኑ ጥሩ ነው?» አሉኝ። ከሥርዓቱ ውስጥ ያወጡት አንዱን ክር ብቻ ነው፤ ጥያቄ ካለ ሁሉም ይጠየቅ የሚለውን። በቤታችሁ ወይም በግቢያችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ይህንኑ ማለት ያዋጣል፤ ሌላው ቢቀር ነገሩን ያበርዳል።

አዛውንቶቹ «ይሄ ነገር ሊመለስ ነው እንዴ የምትጠይቂን?» ማለታቸው አይቀርም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. ለባህል ፍርድ ቤቶች አዋጅ አውጥቷል፤ እነዚህ ግን ተከራካሪዎች ወደው የሚመጡበት እርቅና ዳኝነት ናቸው እንጂ አገሬውን ሜዳ ላይ አግቶ ማስማል አይደሉም። ይህን ቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል፤ ሹመኛ የላከኝ የሚመስላቸው አሉና።

የቀዳችሁትን ስትገለብጡ የተጠቆመውን ሰው ስም፣ የአባቱን ስምና የመንደሩን ስም አብራችሁ አታስፍሩ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ከተገናኙ በከተማችን ዘሩን የሚያገኝ ሰው አይጠፋም። እኔ መንደሩን በወረዳ፣ ሰውየውን «በጋብቻ የገባ» ወይም «ባለ እጅ» ብዬ እጽፋለሁ። ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ጥናቶችን ለማገላበጥ የምሄድበት ነው፤ ሆኖም ከመጠየቅ በፊት ብዙ ማንበብን አልመክርም፤ አንባቢ የሆነ ጠያቂ አዛውንቱ ያላሉትን ሲሞላላቸው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ጊዜውም አይጠብቅም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ካነጋገርኳቸው አዛውንቶች መካከል ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ወደሚገኙ ኮንዶሚኒየሞች ሄደዋል፤ የዕድር ጸሐፊያቸውም፣ ዋስ ሆኖ ወደ እነርሱ የሚያደርሰው ሰውም ሌላ አቅጣጫ ተበትኗል። ስለዚህ ቅጂውን አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ፤ አንዱን ለቤተሰቡ በፍላሽ ስጡ፤ ስትሰጡም ልጆቹ አብረው እንዲያዳምጡትና ሊወጣ የማይገባውን እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። የመንዙ አባት ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው አንድ ስም ከቅጂው እንዲወጣ ጠይቀውኝ አውጥቼዋለሁ፤ የሹክሹክታውን ክፍል ግን እንዳለ እንዲቆይ እነርሱው ናቸው የጠየቁኝ።